የአያቴ ትንፋሽ በሰከንድ

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 3

ይህ ደብተር የኔ አልነበረም። ናሲራ ለአያቴ ነው የሰጠችው፣ ሲጋራ ሲያምረው ሰዓቱን እንዲመዘግብበት። እሱ ግን «እኔ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጸሐፊ የሆንኩት?» ብሎ በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው። እንግዲህ እኔ እጽፋለሁ።

ናሲራ ሰዎች ሲጋራ እንዲያቆሙ የምትረዳ ሴትዮ ናት። ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ መንደራችን ወደ ቶርንስዌል ቤተ መጻሕፍት እየመጣች ከልጆች መጻሕፍት መደርደሪያ ጀርባ ትቀመጣለች። አያቴን አንድ ቱቦ አስያዘችውና «ንፉ» አለችው። በማሽኑ ላይ 27 የሚል ቁጥር ወጣ።

«ከመቶ ነው?» አላት።

«ፈተና አይደለም ሚስተር ኦልድሮይድ። ከጭሱ የሚመጣው መርዝ ነው፣ ትንፋሽዎ ውስጥ ያለው። ከስድስት በታች ነው የምፈልገው።»

ከዚያ በሲጋራው ፋንታ የሚሳበውን የኤሌክትሪክ ሲጋራ፣ ቬፑን፣ ሰጠችው። ወፍራም እስክሪብቶ ይመስላል። ውስጡ ትንሽ ሽቦ አለች፣ ፈሳሹን አሙቃ እንፋሎት የምታደርገው እሷ ናት። አያቴ አንዴ ሳበና ሲያወጣው እንፋሎቱ የልጆቹን መጻሕፍት ሸፈናቸው።

«ማንቆርቆሪያ ሆንኩ እኮ!» አለ። ከአሁን ጀምሮ የቬፑ ስም ማንቆርቆሪያው ነው።

ናሲራ ግን አልሳቀችም። «ይሄም ጥሩ ነገር ነው አልልዎትም። ከሲጋራው ግን በብዙ ይሻላል። ሲጋራው ከተረሳ በኋላ ይሄንንም ቀስ እያልን እንቀንሳለን።» ወደ እኔ ዞር ብላ «አንቺ ደግሞ እጅሽን እንዳታሳርፊበት» አለችኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ።

«አትናገርም እንዴ?»

«ሊቢ አንደበት አላት፣» አለ አያቴ፣ «እንደ ክት ልብስ ለእሑድ ነው የምታስቀምጠው።»

ናሲራ ስልክ ቁጥሯን በካርድ ሰጠችኝ። ሽቦዋ በየሁለት ሳምንቱ ትቃጠላለች፤ ሁለት መቀየሪያ ሰጥታናለች። ሲያልቅ መደወል ያለብኝ እኔ ነኝ፣ አያቴ በስልክ አይሰማም፤ ጆሮውን ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ከሰል ሲቆፍር ነው የጨረሰው። ካርዱን ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት።

ስልክ አልወድም።


ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 4

የትምባሆ ቆርቆሮውን አልጣለውም። ጓሮ ካለው ዕቃ ቤት፣ ከቀለም ጣሳዎቹ ኋላ ሲያስቀምጠው በመስኮት አየሁት። ምንም አላልኩም።

ዘንድሮ የምጀምርበት ኮሌጅ ደወለ። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ቆመ፣ አላነሳሁትም።


እሑድ፣ ሴፕቴምበር 8

ዛሬ ሳሎኑን አጠብን። አያቴ የናናን፣ የሚስቱን፣ ፎቶ ከግድግዳው ሲያወርደው ከጀርባው ነጭ አራት ማዕዘን ወጣ። ግድግዳው ነጭ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከተወለድኩ ጀምሮ በሲጋራው ጭስ ቢጫ ነው። አያቴ እያየው ቆይቶ «እሷ ቀለሙን እንዳታበላሸው ትለኝ ነበር፣ ተመልከቺ» አለ። ናና ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ እኔና እሱ ብቻ ነን። እናቴ ሊድስ ከተማ ከአዲሱ ባሏና ከሕፃኑ ጋር ነው የምትኖረው፣ ለልደቴ ትመጣለች።

አያቴ ሲጋራ ለምን እንደሚያቆም ልጻፈው፣ ስጨነቅ እንዳልረሳው። ዶክተሩ አይደለም። ዶክተሩ ስድስት ዓመት ሙሉ ነግሮታል። ምክንያቱ ጥሩምባው ነው።

አያቴ በመንደሩ ባንድ ውስጥ ኮርኔት የሚባል ጥሩምባ ይነፋል። የከሰሉ ጉድጓድ የተዘጋው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው፣ ባንዱ ግን አለ። በኖቬምበር ሁለተኛው እሑድ በጦርነት ለሞቱት መታሰቢያ ሲደረግ በድንጋዩ ሐውልት ፊት ብቻውን ስንብት የሚባለውን ዜማ የሚነፋው እሱ ነው። ከዚያ ሁለት ደቂቃ ዝም ይባላል። ከዝምታው በኋላ የመቀስቀሻውን ጥሪ የሚነፋውም እሱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት።

አምና ስንብቱ መሐል ላይ ተቆረጠበት። ከዚያ ሁለት ደቂቃውን ሙሉ ሳለ። መንደሩ በሙሉ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፣ አንድም ሰው ቀና አላለም፣ የሚሰማው የአያቴ ሳል ብቻ ነው። መቀስቀሻውን ሊነፋ አልቻለም። በኋላ ማንም ምንም አላለውም፣ ያ ደግሞ ይብስ ነበር። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ግን አንዷ ሴት ለሌላዋ «ምስኪን ክላይቭ። በሚመጣው ዓመት ለሱ ነው የሚነፋው» ስትል ሰምቻለሁ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ሰው አያየኝም።

አሁን የባንዱ መሪ ባሪ መጥቶ «ክላይቭ፣ ኮሚቴው ዘንድሮ ከስፒከር እናጫውተው እያለ ነው» አለው።

«ከምን?»

«ከስፒከር። የተቀዳ አለ። ጥሩ ነው፣ አይሳሳትም።»

«ጥርሴም የተገዛ ነው ባሪ፣ እሱም አይሳሳትም፤ ሰው ላይ ግን ፈገግ አልልበትም።»

ባሪ ሳቀና በኦክቶበር መጨረሻ እሰማሃለሁ፣ ከዚያ እንወስናለን አለው። ሲወጣ ደጃፍ ላይ ፊቱ አይስቅም ነበር።


ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

ጠዋት ጠዋት አያቴ በጥሩምባው አንድ ድምፅ በአንድ ትንፋሽ ይይዛል፣ እኔ በኩሽናው ሰዓት እቆጥራለሁ። ዛሬ 6 ሰከንድ። ስንብቱ ውስጥ ያለው ረጅሙ ቦታ 12 ይፈልጋል።


ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 17

በናሲራ ማሽን ላይ 5! አያቴ ቁጥሩን ለቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛም አሳያት።

ጠዋት 8 ሰከንድ።

ሳሉ ግን ባሰ። ናሲራ መጀመሪያ እንደዚያ ነው፣ ሳንባው ራሱን እየጠረገ ነው አለች። ጥቁር ነገር ይተፋል። እኔ ነኝ የሚተፋበትን ሳህን የማጥበው። አያስጠላኝም። ማንም አይጠይቀኝም እንጂ ቢጠይቀኝ አያስጠላኝም ነበር የምለው።


ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 26

11 ሰከንድ።

ደረጃውን ሳያርፍ ወጣ። ሰባተኛው ደረጃ ላይ ይቆም ነበር፣ ባቡር እንደሚጠብቅ ሰው ግድግዳውን ይዞ። እኔ ከታች ሆኜ ሲቆም እቆማለሁ፣ ሲሄድ እሄዳለሁ። ዛሬ ዝም ብሎ ወጣ። እኔ ከታች ቀረሁ።

ከባንድ ልምምድ ሲመለስ ጉንጩ ቀልቶ ነበር። እራት እየበላን ድሮ ባንዱ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ ስነፋ የነገረኝን መልሶ ነገረኝ፤ ሁለት ሰው አንድ ረጅም ድምፅ ሲይዝ አብረው አይተነፍሱም። አንዱ ሲተነፍስ አንዱ ይይዛል፣ ሰሚው መቆረጡን አያውቅም። «አንቺ ጎበዝ ነበርሽ እኮ። የምትተነፍሺበትን ሰዓት ታውቂ ነበር። ለምን እንደተውሽው አልገባኝም።»

በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው የተውኩት። ከጥሩምባዬ እንደ ዝይ ያለ ድምፅ ወጣና ረድፉ በሙሉ ሳቀ። እሱም ስቋል። ረስቶታል።


ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 1

ማሽኑ 3። ናሲራ በሚቀጥሉት ሁለት ማክሰኞዎች ሌላ መንደር ናት። «ሽቦ ሊያልቅባችሁ ነው፣ በዚህ ሳምንት ደውዪልኝ፣ በፖስታ እልካለሁ» አለችኝ። እዚያው ቆማ ሳለ ስጪን ማለት እችል ነበር። ቦርሳዋን እየዘጋች ነበር። አንደበቴ እስኪፈታ ቦርሳው ተዘጋ።


እሑድ፣ ኦክቶበር 6

አያቴ አሁን ምግብ ይቀምሳል። ድሮ ያቀረብኩለትን ሁሉ ላዩ ላይ የጠርሙስ ድልህ አፍስሶ ይበላና «ጥሩ ነው ልጄ» ይል ነበር። ዛሬ የሥጋ መረቁን ቀምሶ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ሊቢ፣ ይሄን ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምትሠሪው?»

«አዎ።»

«ጨው ይበዛዋል እኮ።»

ሁለት ዓመት እንደዚያ ሠርቻለሁ።

ደስ ብሎኛል። ደስ ሊለኝ ይገባል። ጣቶቹ እንኳ ቢጫቸው ለቋል። ማክሰኞና ሐሙስ ባንድ ይሄዳል፣ ቅዳሜ ከባሪ ጋር የድንች መሬታቸው ላይ ይውላል። ድሮ በዚህ ሰዓት የጓሮው ደረጃ ላይ ነበርን፤ እሱ ሲጋራውን እየጠቀለለ፣ እኔ ወረቀቱን እያቀበልኩ። ብዙ አናወራም። እርግቦች እናያለን። አሁን ማንቆርቆሪያውን እያንቆረቆረ በመንገድ ይሄዳል፣ ወረቀት የሚያቀብለው አያስፈልገውም።

አሮጌ ካፖርቱን እጠቢው ብሎ ሰጥቶኝ ነበር፣ ጭስ ጭስ ይላል ብሎ። አላጠብኩትም። ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው። ጊዜ አጥቼ ነው።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 10

17 ሰከንድ!!

ከኮሌጁ ደብዳቤ መጣ። ቦታዬን እስከ ኖቬምበር 15 ብቻ ነው የሚያቆዩልኝ። መቼ እንደምጀምር በስልክ አሳውቂ ይላል። እኔ አያቴ ታሟል ብዬ ጽፌላቸው ነበር፤ እውነት ነበር ያኔ። ለአያቴ ደግሞ ኮሌጁ ከገና በኋላ ጀምሪ ብሎኛል ብዬዋለሁ። ደብዳቤውን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።


ዓርብ፣ ኦክቶበር 11

«ለናሲራ ደወልሽ?»

«አዎ።»

«ምን አለች?»

«ትልካለች።»

ነገ እደውላለሁ።


ሰኞ፣ ኦክቶበር 14

የናሲራን ቁጥር ስልኩ ላይ እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። የምናገረውንም በወረቀት ጽፌ ነበር። «ጤና ይስጥልኝ፣ እኔ የሚስተር ኦልድሮይድ የልጅ ልጅ ነኝ።» ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ነገ።


ዓርብ፣ ኦክቶበር 18

የመጨረሻዋ ሽቦ ተቃጠለች። የተቃጠለ ጨርቅ ትሸታለች። የማዕዘኑ ሱቅ የሚሸጠው የኛን ዓይነት አይደለም። አያቴ «ግድ የለም፣ ነገ በፖስታ ይመጣል» አለ። እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም። ማንኪያ ያዘ፣ አስቀመጠ።


ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 19

ፖስተኛው የኛን በር ዘሎ ወደሚቀጥለው አለፈ። አያቴ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር። ወደ ከተማ አብሬህ ልሂድ፣ እዚያ እንግዛ ማለት ነበረብኝ። አሁን ስጽፈው በጣም ቀላል ነው።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደ። የቀለም ጣሳ ሲወድቅ ሰማሁ።

የጓሮው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። እኔም ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን እኔ ያዝኩለት። ሦስት አጨሰ። እርግቦቹ መጡ። «እንዳታይኝ ልጄ» አለ፤ ግን ከአጠገቤ ሂጂ አላለኝም።

ይህን ባልጽፈው ይሻለኛል። ጭሱ ደስ አሰኝቶኛል።


እሑድ፣ ኦክቶበር 20

9 ሰከንድ። «ተጠያቂው እኔ ነኝ፣ ያቺን ቆርቆሮ የደበቅኳት እኔ» አለ። ሽቦው ለምን በፖስታ አልመጣም ብሎ እንኳ አልጠየቀም። ቢጠይቅ ይሻል ነበር።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?


ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 22

ማሽኑ 11። አያቴ ለናሲራ ቅዳሜ ሦስት ብቻ ነው ያጨስኩት ብሏት ነበር። እሑድና ትናንትም አጭሷል ማለት ነው። ናሲራ አልተቆጣችም። «ብዙ ሰው ይሰናከላል ሚስተር ኦልድሮይድ። ቆርቆሮውን ይዘው ይምጡና እኔ ልጣልልዎት።» ሽቦ አራት ሰጠችን። ከዚያ ወደ እኔ አየት አድርጋ «ብትደውሉልኝ እኮ...» ብላ ጀመረች። አያቴ ጃኬቱን እየለበሰ ነበር፣ አልሰማም። እሷም ፊቴን አይታ ነገሩን ተወችው። እንደዚያ አድርጎ ሰው ሲምረኝ አልወድም።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 24

ባሪ ሰማው። የባንዱ አዳራሽ በር ውጭ ቆሜ ነበር። ረጅሙ ቦታ ላይ ደረሰ። 5፣ 6፣ 7። ተቆረጠ። ሳል።

«ክላይቭ፣» አለ ባሪ፣ «ስፒከሩን ተከራይቼዋለሁ።»

«እስከ እሑዱ ሁለት ሳምንት ተኩል አለ።»

«ወዳጄ፣ አምና ቆሜ የሰማሁህ እኔ ነኝ። ሁለተኛ ልሰማው አልፈልግም። ላንተ ብዬ ነው።»

«ለኔ ብለህ ከሆነ ሌላ ሐሙስ ስጠኝ።»

የባሪ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። «ኖቬምበር ሰባት። ከዚያ በኋላ አትለምነኝ።»

ወደ ቤት ስንሄድ ጥሩምባውን እኔ ያዝኩለት። ድሮ ናና ነበረች የምትይዝለት።


ዓርብ፣ ኦክቶበር 25

ነገርኩት።

የዓርብ ዓሣና ድንች ጥብሳችንን ከወረቀቱ ላይ እየበላን ነበር፣ ከጓሮው ደረጃ ላይ። መጀመሪያ ወረቀቱን እያየሁ ነው የተናገርኩት።

«አያቴ፣ አልደወልኩም።»

«ለማን?»

«ለናሲራ። ደውያለሁ ያልኩህ ውሸት ነው። ሽቦ ልትልክ አትችልም ነበር፣ አላወቀችም። ኮሌጁም ከገና በኋላ አላለም። እስከ ኖቬምበር አሥራ አምስት ነው ያለው። ደብዳቤው አሮጌው ካፖርትህ ኪስ ውስጥ ነው። ካፖርትህንም አላጠብኩትም።»

ማኘኩን አቆመ። እንዲህ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም። የሚጮህ መስሎኝ ነበር። ጮኾብኝ አያውቅም፣ ግን መስሎኝ ነበር።

«ስልኩን ፈርተሽ ነው?»

«አዎ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ዞር ብሎ አየኝ፤ ጥሩምባ ውስጥ ውሃ ቀርቶ እንደሆነ እንደሚያይ፣ በአንድ ዓይኑ ጠበብ አድርጎ። እኔ እርግቦቹን አየሁ።

«ሁለት ሰው አንድ ድምፅ ሲይዝ ምን ብዬሽ ነበር?»

«አብረው አይተነፍሱም።»

«ናና ከሞተች ጀምሮ የያዝሽው አንቺ ነሽ። ደረጃው ላይ፣ ማእድ ቤቱ፣ ዶክተሩ ጋ፣ የተፋሁትን እንኳ። ሁለት ዓመት። እኔ እየሳልኩ አንቺ ትንፋሽሽን ይዘሽ። እንደዚያ የሚይዝ ሰው ይወድቃል ልጄ። አሁን እኔ እይዛለሁ፣ አንቺ ተንፍሺ።»

አለቀስኩ። ድንቹ ቀዘቀዘ።

«ስለ ውሸቱ ግን፣» አለ ቆየት ብሎ፣ «ሳምንቱን ሙሉ ሰሃን የምታጥቢው አንቺ ነሽ።»

«ሁልጊዜም የማጥበው እኔ ነኝ።»

«አሃ። እንግዲያው ቅጣቱን አስቀድመሽ ጨርሰሻል።»

ሌላ የለም ያልኩት ውሸት ነው። እሱን ግን እዚህም አልጽፈውም።


ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 29

ማሽኑ 4። ቆርቆሮው ናሲራ ቦርሳ ውስጥ ገባ። አያቴ ክዳኑን አንዴ መታ መታ አደረገው፣ እንደ ውሻ ራስ።

10 ሰከንድ። 


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5

የእሳት ማታ ነው። በየዓመቱ በዚህ ቀን ልጆች በየሜዳው እንጨት ያነድዳሉ፣ መንደሩ በሙሉ ጭስ ነው። አያቴ መስኮቶቹን ዘግቶ ቤት ቆየ፣ ለሳንባው ብሎ። አብረን ካርታ ተጫወትን። ሦስቴ አሸነፈኝ። ጥሩ ቀን ነበር፣ ከጥሩ ቀኖች አንዱ።

ጠዋት 15።


ሐሙስ፣ ኖቬምበር 7

ባሪ «እሺ» አለ። ይህን ብቻ። ግን መነጽሩን አውልቆ ጠረገው።

«ስፒከሩን ግን መኪናው ውስጥ ይዤው እመጣለሁ።»

«ይዘህ ና። እሱም ይስማ።»


እሑድ፣ ኖቬምበር 10

ያካፋ ነበር። ሰው ሁሉ ደረቱ ላይ ቀይዋን የመታሰቢያ አበባ አድርጎ በድንጋዩ ሐውልት ዙሪያ ቆመ። የባሪ መኪና ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጋ ቆማለች፣ የኋላ መስተዋቷ ላይ የስፒከሩ ጥቁር ራስ ይታያል። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ኪሴ ውስጥ የሳል ከረሜላ ይዣለሁ፣ ሁልጊዜ እይዝለታለሁ።

አያቴ ብቻውን ወደ ፊት ወጣ። የቆመው ትንሽ ሰው ነው። አላወቅኩም ነበር ትንሽ መሆኑን፣ ከሩቅ አይቼው አላውቅም።

ነፋ። ረጅሙ ቦታ ደረሰ። ያለ ሰዓት ቆጠርኩ። 9፣ 10፣ 11፣ 12። አሥራ ሦስትም ያዘው፣ ምንም ሳያስፈልገው። ከዚያ ቀስ ብሎ ለቀቀው፣ አልተቆረጠም፣ እሱ ነው የለቀቀው።

ዝምታው መጣ።

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔም ደፋሁ። ሳሉን ጠበቅኩ። ዝናቡ ጃንጥላ ላይ ይሰማል። የሆነ ሰው ውሻ ሰንሰለቱን አንቀሳቀሰ። ሕፃን አንድ ነገር አለ፣ ዝም አሰኙት። ሳሉ አልመጣም። እኔ እኮ ማታ ማታ በግድግዳው በኩል የምሰማው እሱን ነበር፤ ስሰማው አያቴ በሕይወት አለ ማለት ነው፣ ከዚያ እተኛለሁ። አሁን ሳምንታት ሆኖታል፣ በጸጥታ ውስጥ ተኝቼ ጆሮዬ ግድግዳውን ይጠብቃል። ሁለት ደቂቃውን ሙሉ ጠበቅኩት። ከረሜላው በእጄ ውስጥ ሟሟ። ያን ያህል ሰው መሐል ቆሜ እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ከዚያ መቀስቀሻውን ነፋ። ጥርት ያለ ነበር።

የአውቶቡስ ፌርማታዋ ሴትዮ «ክላይቭ ምን በልቶ ነው?» አለች።

«ማንቆርቆሪያ ዋጠ ይላሉ» አለቻት ሌላዋ።

ባንዱ ወደ ክበቡ ሊሄድ ነበር። አያቴ ሰዉን እየገፋ መጣና «ስንት ያዝኩ?» አለኝ። «አሥራ ሦስት» አልኩት። ግንባሬን ሳመኝ። ጭስ አይሸትም፣ ዝናብና የጥሩምባ ማጽጃ ነው የሚሸተው። ነይ አብረን እንሂድ አለኝ። በርዶኛል አልኩት። እውነትም በርዶኝ ነበር።

ቤት ገብቼ የጓሮው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። የሟሟውን ከረሜላ ከነወረቀቱ ላስኩት። ከዚያ ካፖርቱን አውጥቼ፣ ደብዳቤውን ከኪሱ ወስጄ፣ አጠብኩት።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

ሦስት ቀን ቀርቶኛል። አያቴ ማእድ ቤት ነበር፣ ሻይ ሊያፈላ። ስልኩን አንስቼ የኮሌጁን ቁጥር ጻፍኩ። በወረቀት የጻፍኩት ነገር አልነበረም። ጮኸ። ጮኸ። አራት ጊዜ ጮኸ።

አንዲት ሴት «ኮሌጅ፣ ምን ልርዳዎት?» አለች።

ከማእድ ቤት የውሃ ማፍያው ሊፈላ ሲጮህ ይሰማ ነበር። ቀጭ ሲል ሰማሁ። አጥፍቶት ነው፣ ሳይፈላ፣ እንዳይረብሸኝ።

ትንፋሽ ወሰድኩና ስሜን ተናገርኩ።